የሰርቨር ኦፕሬቲንግ ሲስተም የደኅንነት ማጠናከሪያ መስፈርቶች አካባቢያዊ ተገቢነት፦ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሚገኙ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማትን መነሻ ያደረገ ትንተና

አኅጽሮተ ጥናት

ሰርቨርን ከጥቃት ለመጠበቅ የወጡ ዓለም አቀፍ የማጠናከሪያ መስፈርቶች አራት ነገሮችን በዝምታ ታሳቢ ያደርጋሉ፤ እነዚህም የማይቋረጥ የኤሌክትሪክ ኃይል፣ የማይቋረጥ ኢንተርኔት፣ አንድ ወጥ የሰዓትና የቀን አቆጣጠር እንዲሁም በሥራ ክፍፍል የተደራጀ የሰው ኃይል ናቸው። ይህ አጭር ጥናት ታሳቢዎቹ በማይሟሉበት አካባቢ መስፈርቶቹ እንዳሉ ቢገለበጡ ምን እንደሚከተል ይመረምራል። በሰነድ ትንተና ላይ ተመሥርቶም መስፈርቶቹን በሦስት ይመድባል፦ ሳይለወጡ የሚተገበሩ፣ ቅድመ ዝግጅት የሚሹ እና በተመጣጣኝ መከላከያ የሚተኩ። የጥናቱ ማዕከላዊ ሐሳብ መስፈርትን ማላላት አይደለም፤ የመስፈርቱን ዓላማ ከመስፈርቱ ቃል ለይቶ ማስከበር ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ የሰርቨር ደኅንነት፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ የይለፍ ቃል፣ ምስጠራ፣ የሰዓት ማመሳሰል፣ አዳማ

1. መግቢያ

በአገራችን የመንግሥትና የትምህርት አገልግሎቶች በፍጥነት ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት እየገቡ ነው። ለከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ለውጡን ጎልቶ እንዲታይ ያደረገው ከሐምሌ 2015 ዓ.ም ጀምሮ በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ መርሐ ግብሮች ተግባራዊ የሆነው የመውጫ ፈተና ነው። ፈተናው የሚሰጠው በኮምፒውተር ሲሆን ተፈታኙ ለማለፍ ቢያንስ 50 በመቶ ማምጣት አለበት። በዚህም ምክንያት የአራት ወይም የአምስት ዓመት ድካም ውጤት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በቤተ ሙከራ ኮምፒውተሮች፣ በመለያ ሰርቨሮችና በኔትወርክ ዝግጁነት ላይ ይንጠለጠላል። የተማሪ ውጤት መመዝገቢያ፣ የደመወዝና የግዥ ሥርዓቶችም ከዚሁ የተለየ ዕጣ የላቸውም።

ስጋቱ የሐሳብ ብቻ አይደለም። በሰኔ 2012 ዓ.ም የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ፣ መነሻቸው ግብፅ የሆኑ ቡድኖች በመንግሥትና በሌሎች ተቋማት ድረ ገጾች ላይ ጥቃት መሰንዘራቸውንና ሙከራው መክሸፉን አስታውቆ ነበር። ከዓለም አቀፍ ተሞክሮ ደግሞ «ዋናክራይ» የተባለው ጥቃት አስተማሪ ነው። ማይክሮሶፍት ክፍተቱን የሚደፍነውን ማሻሻያ መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም አወጣ፤ ጥቃቱ የተስፋፋው ግን ግንቦት 4 ቀን፣ ማለትም ከ59 ቀናት በኋላ ነው። የተጎዱት በአብዛኛው መፍትሔው በእጃቸው እያለ ያልጫኑ ወይም ድጋፉ በተቋረጠ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚሠሩ ነበሩ።

በሌላ በኩል የጥበቃ ሥራው ራሱ የአገልግሎት መቋረጥ ምክንያት ሊሆን ይችላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ድርጅት ባሰራጨው የተሳሳተ ማሻሻያ ምክንያት በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ሥራ አቁመዋል። በአገራችንም በመጋቢት 2016 ዓ.ም በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ማውጣት እንዲችሉ ያደረገው ብልሽት የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ በይፋ ተገልጿል። ስለዚህ ደኅንነትን ስናስብ ከሚስጥራዊነት ጎን ለጎን ምሉዕነትና ተደራሽነት አብረው ሊመዘኑ ይገባል።

2. የመስፈርቶቹ ምንጭና የጥናቱ ዘዴ

የማጠናከሪያ መስፈርት ሲባል አንድ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ከተጫነ በኋላ የጥቃት በሮችን ለማጥበብ ሊሟሉ የሚገባቸው የቅንብር፣ የአሠራርና የማረጋገጫ ግዴታዎች ዝርዝር ነው። የሐሳቡ ሥር ሳልትዘርና ሽሮደር እ.ኤ.አ. በ1975 ካስቀመጧቸው የንድፍ መርሆች ይመዘዛል። ከእነዚህ መካከል ሁለቱ ዛሬም የየዝርዝሩ አከርካሪ ናቸው፦ ለማንም ከሥራው በላይ ሥልጣን አለመስጠት፣ እንዲሁም በግልጽ ያልተፈቀደን ሁሉ እንደተከለከለ መቁጠር።

ጥናቱ ሦስት ሰነዶችን ያነጻጽራል። የመጀመሪያው የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው አጠቃላይ የሰርቨር ደኅንነት መመሪያ ነው። ሁለተኛው የኢንተርኔት ደኅንነት ማዕከል የሚያዘጋጃቸው መለኪያዎች ሲሆኑ ትእዛዛቱን አገልግሎት ብዙም በማያውክ አንደኛ ደረጃና ጠበቅ ባለ ሁለተኛ ደረጃ ይከፍላሉ። ሦስተኛው የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር «ስቲግ» የሚባለው ቴክኒካዊ መመሪያ ነው፤ ይህም ለእያንዳንዱ ኦፕሬቲንግ ሲስተም በመቶዎች የሚቆጠሩ ትእዛዛትን በክብደታቸው በሦስት መድቦ ያቀርባል።

የትንተናው ስልት ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ የመስፈርት ዘርፍ ሦስት ጥያቄዎች ይቀርባሉ፦ መስፈርቱ የሚያስቀረው አደጋ ምንድን ነው? ትክክል የሚሆነው ምን ሲሟላ ነው? ያ ካልተሟላ ቃሉን መፈጸም ዓላማውን ያፈርሳል ወይ? በዚህ ፈተና ለውጥ የማይሹት ዘርፎች በአጭሩ ይታለፋሉ፤ አከራካሪዎቹ ላይ ግን ጠለቅ ያለ ትንተና ይደረጋል።

3. ሳይለወጡ የሚተገበሩ መስፈርቶች

የማያስፈልጉ አገልግሎቶችን ማጥፋት፣ ፋየርዎሉን ከተፈቀዱ ፖርቶች በስተቀር ሁሉን እንዲከለክል ማድረግ፣ የዋናውን አስተዳዳሪ መለያ ከርቀት በቀጥታ እንዳይገባበት መዝጋት፣ ለእያንዳንዱ ባለሙያ የራሱን መለያ መስጠት እንዲሁም እንደ ሰሊኑክስና አፕአርሞር ያሉ የግዴታ መዳረሻ መቆጣጠሪያዎችን ሥራ ላይ ማዋል ከአካባቢ ሁኔታ ጋር የሚጋጭ ነገር የላቸውም። ተጨማሪ ወጪም አይጠይቁም።

ከእነዚህ መካከል ብዙ ጊዜ የሚጣሰው የግል መለያ ጉዳይ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ባለሙያዎች ብቻ ባሉበት ክፍል አንድ የአስተዳዳሪ ይለፍ ቃል ለጋራ መጠቀም ሥራ የሚያቀል ይመስላል። ይሁን እንጂ አንዱ ባለሙያ ሥራ ሲለቅ ይለፍ ቃሉ አብሮት ይወጣል፤ አንድ ውጤት ተለውጦ ቢገኝም ሎጉ የሚያሳየው የሁሉንም የጋራ ስም ነው። በዚህ ጊዜ ጥፋተኛውን መለየት ካለመቻሉም በላይ ንጹሑን ባለሙያ ከጥርጣሬ የሚያወጣ ማስረጃ ይጠፋል። የግል መለያ ከቁጥጥር መሣሪያነቱ ባሻገር የሠራተኛው ከለላ መሆኑ ለባለሙያዎች ሊብራራ ይገባል።

4. ቅድመ ዝግጅት ወይም ምትክ የሚሹ መስፈርቶች

4.1 የይለፍ ቃልና የመለያ መቆለፍ

ነባሩ መስፈርት የይለፍ ቃል ትልቅና ትንሽ ፊደል፣ አኃዝና ምልክት እንዲይዝ ያዛል። በላቲን ቁልፍ ሰሌዳ ላይ ካሉ 94 ምልክቶች በዕጣ የተመረጠ ባለ 8 ምልክት ቃል 6.1 ሺህ ትሪሊዮን ያህል አማራጮች አሉት። ሰዎች ግን በዕጣ አይመርጡም። የከተማ ስም በትልቅ ፊደል ጀምሮ፣ አንድ ምልክት አስገብቶ፣ በዓመተ ምሕረት የሚዘጋ ቃል መስፈርቱን ሙሉ በሙሉ ያሟላል። አጥቂው 100 የከተማ ስሞችን፣ 10 ምልክቶችንና 30 ዓመታትን ቢሞክር የሚያስፈልገው 30,000 ሙከራ ብቻ ነው።

የስልክ ቁጥርን ለይለፍ ቃል መጠቀምም ከዚህ አይሻልም። በ09 የሚጀምር ቁጥር ቀሪዎቹ 8 አኃዞች ስለሆኑ ጠቅላላ አማራጩ 100 ሚሊዮን ነው። የተሰረቀ የይለፍ ቃል ፋይል በፈጣን የሃሽ ስልት የተሠራ ቢሆንና የአጥቂው መሣሪያ በሴኮንድ 10 ቢሊዮን ቢሞክር ሥራው ከሴኮንድ መቶኛ በማይበልጥ ጊዜ ያልቃል። ሆን ተብሎ ዝግ ያለ የሃሽ ስልት ተመርጦ ሙከራው በሴኮንድ 1,000 ቢወሰን ደግሞ 100,000 ሴኮንድ፣ ማለትም 28 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። አጥቂው የሰውየውን ስልክ የሚያውቅ ከሆነ ግን አንድ ሙከራ ይበቃዋል።

የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው የዲጂታል ማንነት መመሪያ የፊደል ስብጥር ግዴታንና ምክንያት የሌለውን የየጊዜው ለውጥ ትቶ፣ አዲስ ቃል ከታወቁ ደካማ ቃላት ዝርዝር ጋር እንዲነጻጸር አዝዟል። ይህ አቅጣጫ ለእኛም ይስማማል፤ ቅድመ ዝግጅት ግን ይፈልጋል። በዓለም ላይ የሚሰራጩት ዝርዝሮች በአብዛኛው እንግሊዝኛ ተኮር ስለሆኑ በላቲን ፊደል የተጻፉ የአማርኛና የአፋን ኦሮሞ የሰው ስሞችን፣ የከተማ ስሞችን፣ የእግር ኳስ ክለቦችን፣ የስልክ ቁጥር ቅርጾችንና ዓመተ ምሕረቶችን በበቂ ሁኔታ አይሸፍኑም። ይህን የሚሞላ አካባቢያዊ ዝርዝር ማዘጋጀት ለአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የሚመጥን፣ ጥቅሙም ለአገር የሚተርፍ ሥራ ነው። ለአስተዳዳሪዎች ደግሞ ከ2,000 የታወቁ የአማርኛ ወይም የአፋን ኦሮሞ ቃላት ዝርዝር በዕጣ የወጡ አምስት ቃላት በላቲን ፊደል ቢጻፉ 32 ሺህ ትሪሊዮን አማራጭ ይሰጣሉ፤ ይህም ከባለ 8 ምልክቱ የዕጣ ቃል የላቀ ነው፤ ለማስታወስም ይቀላል። በግዕዝ ፊደል መጻፍ ግን አይመከርም። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ብቻ ብንወስድ በሞክሼ ፊደላት ምክንያት ቢያንስ በስድስት መንገድ ሊጻፍ ይችላል፤ ለኮምፒውተሩ ግን እያንዳንዱ የተለየ ቃል ነው።

መለያን ስለ መቆለፍ «ስቲግ» በ15 ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጊዜ የተሳሳተ መለያ እንዲቆለፍና አስተዳዳሪ እስኪከፍተው እንዲቆይ ያዛል። ይህ ለአስተዳዳሪ መለያ ተገቢ ነው። በፈተና ቀን ለተማሪ መለያ ግን አደገኛ ነው። የመታወቂያ ቁጥሮች ብዙውን ጊዜ ተከታታይ ናቸው፤ በማስታወቂያ ሰሌዳም ይለጠፋሉ። እነዚህን የያዘ ማንኛውም ሰው የእያንዳንዱን ተማሪ መለያ ሦስት ጊዜ በመሳሳት ብቻ አዳራሹን በሙሉ ከፈተና ሊያግድ ይችላል። ስለዚህ ለተማሪ መለያ ዘላቂ ቁልፍ በሚከተሉት ቢተካ የመስፈርቱ ዓላማ ይጠበቃል፦ በየሙከራው እየጨመረ የሚሄድ መዘግየት፣ የፈተና መለያ ከቤተ ሙከራው ኔትወርክ ውጭ እንዳይሠራ መገደብ እና ለፈተናው ብቻ የሚያገለግል የአንድ ጊዜ ይለፍ ቃል።

4.2 የዲስክ ምስጠራና የኃይል መቋረጥ

በአዳማ አቅራቢያ 51 እና 153 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው ሁለት የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች አሉ። ይሁንና የሚያመነጩት ኃይል ወደ ብሔራዊው የኤሌክትሪክ መረብ የሚገባ ስለሆነ ለጣቢያዎቹ ቅርብ መሆን ለአንድ ተቋም የማይቋረጥ ኃይል ዋስትና አይሆንም። የሰርቨር ክፍልን የሚያስተዳድር ሰው መቋረጥን እንደ ልዩ አጋጣሚ ሳይሆን እንደ መደበኛ ሁኔታ ሊወስደው ይገባል።

ሙሉ የዲስክ ምስጠራ ሰርቨሩ ወይም ዲስኩ ቢሰረቅ መረጃው እንዳይነበብ ያደርጋል። በተለመደው ቅንብር ግን ሰርቨሩ በተነሣ ቁጥር አንድ ሰው ቁልፍ ቃሉን በእጁ ማስገባት አለበት። ኃይል በሌሊት ተቋርጦ ሲመለስ ሰርቨሩ ቁልፍ እየጠበቀ ያድራል። ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ የሚከተለው አይቀሬ ነው፤ ቁልፍ ቃሉ በወረቀት ተጽፎ ሰርቨሩ ላይ ይለጠፋል፣ ወይም ለጥበቃ ሠራተኛ ይነገራል፣ ወይም ምስጠራው እንዲቀር ይደረጋል። መስፈርቱ በወረቀት ላይ ተሟልቶ በተግባር ይሞታል።

መፍትሔው ምስጠራን መተው ሳይሆን የቁልፉን አያያዝ መለወጥ ነው። አንደኛው መንገድ ቁልፉን በሰርቨሩ ማዘርቦርድ ላይ ካለው የደኅንነት ቺፕ ጋር ማሰር ነው፤ ዲስኩ ተነቅሎ ቢወሰድ አይከፈትም። ሰርቨሩ በሙሉ ከተሰረቀ ግን ቺፑ አብሮ ስለሚሄድ መከላከያው ይዳከማል። ሁለተኛው መንገድ ቁልፉ የሚመለሰው ሰርቨሩ በግቢው ኔትወርክ ውስጥ ያለ ሌላ የቁልፍ ሰርቨር ሲያገኝ ብቻ እንዲሆን ማድረግ ነው። ይህኛው ከግቢ የወጣን ሰርቨር ጭምር ስለሚከላከል የተሻለ ነው፤ ቅድመ ዝግጅቱ ግን የቁልፍ ሰርቨሩ በሌላ ሕንፃ፣ በራሱ የኃይል መጠባበቂያ መቆሙ ነው።

4.3 የሰዓት ማመሳሰልና የሎግ ማስረጃነት

ሁሉም መስፈርቶች ሰዓት ከታመነ ምንጭ ጋር እንዲመሳሰል ያዛሉ። በእኛ ሁኔታ ጉዳዩ ሁለት ተጨማሪ ገጽታ አለው።

የመጀመሪያው ቴክኒካዊ ነው። የማዘርቦርዱ ትንሽ ባትሪ ያለቀበት ሰርቨር ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ሰዓቱ ወደ ቀድሞ ዘመን ሊመለስ ይችላል። በዚያው ሰዓት ኢንተርኔትም ከሌለ የሚያርመው አይኖርም። የማዕከላዊ መግቢያ ሥርዓቶች በተለመደው ቅንብር ከአምስት ደቂቃ በላይ የሰዓት ልዩነትን አይቀበሉም፤ ስለዚህ ትክክለኛ ይለፍ ቃል ያለው ሰው ሳይቀር መግባት ያቅተዋል። የዲጂታል ሰርተፊኬቶችም «ገና አልጸኑም» ወይም «ጊዜያቸው አልፏል» ተብለው ይጣላሉ። በመሆኑም ተቋሙ በግቢው ውስጥ ቢያንስ ሁለት የሰዓት ሰርቨሮች ሊኖሩት፣ ከእነዚህም አንዱ ከሳተላይት ምልክት ሰዓት የሚቀበል ሊሆን ይገባል።

ሁለተኛው የአቆጣጠር ጉዳይ ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የሰርቨሩ ሎግ በተቀናጀው ሁለንተናዊ ሰዓት እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 2024፣ 22፡40 ላይ አንድ ሰው መግባቱን መዝግቧል እንበል። በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ይህ ሴፕቴምበር 11፣ 01፡40 ነው። በእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከሌሊቱ 7፡40 ሲሆን ቀኑ መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም ነው፤ የጥበቃ ሠራተኛው ግን ገና አልነጋም ብሎ «ጳጉሜን 5 ቀን 2016 ሌሊት» ሊጽፍ ይችላል። አንድ ክስተት በሦስት መዝገቦች በተለያየ ሰዓት፣ በተለያየ ቀን፣ በተለያየ ዓመት ተመዘገበ ማለት ነው። ይህ ልዩነት በዲሲፕሊን ኮሚቴ ወይም በፍርድ ቤት ፊት ሲቀርብ ለጥርጣሬ በር ይከፍታል፤ ጥፋተኛ ሊያመልጥ፣ በዚያ ሌሊት ተረኛ ያልነበረ ሠራተኛም ሊወነጀል ይችላል።

ስለዚህ ሰርቨሮች ሁሉ ሎጋቸውን በተቀናጀው ሁለንተናዊ ሰዓት እንዲይዙ፣ በእጅ የሚሞሉ የተረኛ መዝገቦችም የአገር ውስጥ ሰዓት፣ «ከሌሊቱ» ወይም «ከቀኑ» የሚል መግለጫና የ«አጥቢያ» ቀን እንዲይዙ፣ በሁለቱ መካከል የሚደረገው ልወጣም በጽሑፍ እንዲደነገግ ይመከራል። የልወጣው ቀመር አጭር ነው፦ ከሁለንተናዊው ሰዓት ላይ 3 መቀነስ፣ ውጤቱ 13 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ እንደገና 12 መቀነስ፣ ከ1 በታች ከሆነ ደግሞ 12 መጨመር። ከላይ ባለው ምሳሌ 22፡40 ሲቀነስ 3 19፡40፣ ከዚያም 7፡40 ይሆናል።

4.4 የደኅንነት ማሻሻያና የኢንተርኔት መቋረጥ

ድጋፉ የተቋረጠ ኦፕሬቲንግ ሲስተምን በሌላ ማጠናከሪያ ማካካስ አይቻልም። ሴንትኦኤስ 8 ታኅሣሥ 22 ቀን 2014 ዓ.ም፣ ሴንትኦኤስ 7 ደግሞ ሰኔ 23 ቀን 2016 ዓ.ም ድጋፋቸው አብቅቷል። በእነዚህ የሚሠራ ሰርቨር የመጀመሪያ ሥራው ወደሚደገፍ ሥርዓት መሸጋገር ነው።

«ማሻሻያ በወጣ ቁጥር ወዲያው ይጫን» የሚለው ትእዛዝ ግን ቋሚ መስመርን ታሳቢ ያደርጋል። በሰኔ 2012 ዓ.ም መጨረሻ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሳምንታት መቋረጡ ይታወሳል። 40 ሰርቨሮች እያንዳንዳቸው 500 ሜጋባይት ከውጭ ቢያወርዱ 20 ጊጋባይት ይፈጃሉ፤ አንድ የግቢ ማከማቻ ግን አንድ ጊዜ አውርዶ ለሁሉም ያድላል። የሊኑክስ ጥቅሎች በአዘጋጁ ዲጂታል ፊርማ ስለሚረጋገጡ ከአካባቢያዊ ማከማቻ መውሰዳቸው እምነትን አይቀንስም፤ የፊርማ ማረጋገጫው ግን በምንም ምክንያት መጥፋት የለበትም። ማከማቻው ሌላም ጥቅም አለው፤ ማሻሻያው በቅድሚያ በአንድ የሙከራ ሰርቨር ላይ ተፈትኖ ወደ ሌሎቹ እንዲያልፍ ያስችላል። በፈተና ሳምንት ማናቸውም ለውጦች እንዲታገዱ፣ ለአስቸኳይ ክፍተት ብቻ በጽሑፍ ፈቃድ እንዲከፈት ማድረግም የዚሁ አካል ነው።

4.5 የመግቢያ ማስጠንቀቂያ

መስፈርቶቹ ከመግባት በፊት ሕጋዊ ማስጠንቀቂያ እንዲታይ ያዛሉ። በኦሮሚያ ከተሞች ማስጠንቀቂያው በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ መሆኑ ተገቢ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ የሚመስል ቴክኒካዊ እውነታ አለ። የሊኑክስ የጽሑፍ ኮንሶል በአንድ ጊዜ ከ512 የሚበልጡ የፊደል ቅርጾችን አይዝም፤ በተለመደው ቅርጸ ፊደልም ግዕዝ የለም። ስለዚህ በሰርቨሩ ስክሪን ላይ የአማርኛው ጽሑፍ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል፤ በቁቤ የተጻፈው አፋን ኦሮሞ ግን በትክክል ይነበባል። አማርኛው ዩኒኮድ በሚደግፍ የርቀት መግቢያ ላይ እንዲታይ፣ በሰርቨር ክፍሉ በር ላይም ታትሞ እንዲለጠፍ ማድረግ በቂ ምትክ ነው።

5. ውይይት፦ ከሕግ ጋር ያለው ትስስር

ከላይ የተተነተነው የባለሙያዎች ምርጫ ብቻ አይደለም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ መግባትን ወንጀል ያደርጋል፤ አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታን ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያዛል፤ አገልግሎት ሰጪዎችና የመንግሥት አካላት ወንጀል መፈጸሙን ሲያውቁ እንዲያሳውቁም ያስገድዳል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የግል መረጃ የሚይዙ ተቋማት ተገቢ ቴክኒካዊና አስተዳደራዊ ጥበቃ እንዲያደርጉ ግዴታ ጥሏል። የተማሪ ውጤት፣ የጤናና የቤተሰብ መረጃ የሚይዝ ዩኒቨርሲቲ ከዚህ ግዴታ ውጭ ሊሆን አይችልም።

ሕጉ ግን ሎግ ያዙ ሲል ሎጉ የሚታመን መሆኑን ታሳቢ ያደርጋል። ሰዓቱ የተዛባ፣ መለያው የጋራ የሆነ፣ አስተዳዳሪው ራሱ ሊያጠፋው በሚችልበት ሰርቨር ላይ ብቻ የተቀመጠ ሎግ መኖሩ ከአለመኖሩ ብዙም አይለይም። ስለዚህ ሎግ ወዲያው ወደ ሌላ ሰርቨር መላክ፣ በዚያኛው ላይም የመጀመሪያው ሰርቨር አስተዳዳሪ ሥልጣን እንዳይኖረው ማድረግ ያስፈልጋል። ሁለት ባለሙያ ብቻ ያለው ተቋም ይህን ኃላፊነት ለውስጥ ኦዲት ክፍል ሊሰጥ ይችላል።

«አካባቢያዊ ሁኔታ» የሚለው ሐሳብ ለስንፍና ሽፋን እንዳይሆን መጠንቀቅም ይገባል። አንድ መስፈርት ሲተካ አራት ነገሮች በጽሑፍ ሊሰፍሩ ይገባል፦ የተተካው መስፈርት፣ ያልተሟላው ታሳቢ፣ የተመረጠው ምትክ እንዲሁም ውሳኔው እንደገና የሚታይበት ቀን። ይህ ያልተጻፈበት ማናቸውም ልዩነት እንደ ጉድለት ሊቆጠር ይገባል።

6. መደምደሚያና ምክረ ሐሳብ

ትንተናው እንዳሳየው አብዛኞቹ የማጠናከሪያ መስፈርቶች ያለ ለውጥና ያለ ወጪ ሊተገበሩ ይችላሉ። ግጭት የሚፈጠረው በኃይል፣ በኢንተርኔት፣ በሰዓትና በሰው ኃይል ላይ በተመሠረቱት ጥቂቶቹ ነው፤ እነዚህም ዓላማቸው በሌላ መንገድ ሊጠበቅ ይችላል። አቅሙ ውስን ለሆነ ተቋም የሚከተለው ቅደም ተከተል ይመከራል።

አንደኛ፣ ድጋፋቸው ያበቃ ኦፕሬቲንግ ሲስተሞችን መተካትና የግቢ ማሻሻያ ማከማቻ ማቋቋም።
ሁለተኛ፣ የጋራ የአስተዳዳሪ መለያን አስቀርቶ በግል መለያ መተካት፣ የይለፍ ቃሎችንም ከአካባቢያዊ የደካማ ቃላት ዝርዝር ጋር ማነጻጸር።
ሦስተኛ፣ የግቢ ሰዓት ሰርቨር መትከል፣ ሎጎችን ወደተለየ ሰርቨር መላክና የቀንና የሰዓት ልወጣ ደንብ ማጽደቅ።
አራተኛ፣ የዲስክ ምስጠራን ከኔትወርክ ቁልፍ ሰርቨር ጋር አያይዞ ሥራ ላይ ማዋል።
አምስተኛ፣ እንደ ኦፕንስካፕና ሊኒስ ባሉ ነፃ መሣሪያዎች ቅንብሩን በየወሩ መመርመር፣ ከፈተና ሁለት ሳምንት በፊትም ኃይልና ኢንተርኔት ሆን ብሎ በማቋረጥ ሰርቨሮቹ ያለ ሰው እርዳታ መመለሳቸውን መፈተን።

የመጨረሻው ፈተና ለቀደሙት አራቱ ሁሉ ማረጋገጫ ነው። በዝርዝር ላይ ምልክት የተደረገበት መስፈርትና በሌሊት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚጸና መስፈርት አንድ አለመሆናቸው የሚታወቀው በዚያን ጊዜ ነው። ወደፊት የሚደረጉ ጥናቶች አካባቢያዊውን የደካማ ይለፍ ቃላት ዝርዝር በማጠናቀርና ከኃይል መቋረጥ በኋላ ሰርቨሮች የሚመለሱበትን ጊዜ በመለካት ላይ ቢያተኩሩ ይህን ትንተና በመስክ መረጃ ሊያጠናክሩት ይችላሉ።